ሁለተኛው ውሃ

እነዚህን ደብዳቤዎች በቀናቸው ቅደም ተከተል ገልብጫቸዋለሁ። የእሱን ከፖስታው፣ የእኔን ደግሞ ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ካስቀረሁት ረቂቅ ነው የወሰድኩት። የቀነስኩት ነገር የለም። መቀነስ የምፈልገው ግን ነበረ።


ኅዳር 3

ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

ጤናህን እጠይቃለሁ፤ የእናትህንም እንዲሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ የእህትህንም ነፍስ ይማር። መሞቷን የሰማሁት በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው፣ ያውም ከሦስት ሰው አፍ ዞሮ። ምጥ የያዛትን ላም ልታዋልድ በሞተር ሳይክሏ ስትሄድ መታጠፊያው ላይ ከጭነት መኪና ጋር መጋጨቷን ነገሩኝ። ገና በሃያ ስድስት ዓመቷ። ማጽናናት አልሆነልኝም፤ አባትህ በሕይወት ቢኖር ይመሰክርልኝ ነበር።

የምጽፍበት ሌላም ጉዳይ አለ። እናንተ ለሥጋ ቤት የምታደልቧቸው ሙክቶች ፉርሽካ ሲበዛባቸው ሽንት ቧንቧቸው ላይ ጠጠር እየተሰካ እንደሚሞቱ ታውቃለህ። እህትህ ይህን ለመከላከል ሴት አያትህ የተዉላችሁን ሥር በአሥራ ሁለት ሙክቶች ላይ ፈትናለች። ስድስቱ የሥሩን ፍል ሲጠጡ ስድስቱ ተራ ውሃ ጠጡ፤ ዘጠና ቀን። የደረቀውን የሽንት ናሙና ለእኔ ላከችልኝ። የምሠራው የእንስሳት ናሙና በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ስለሆነ አይቼ መልስ ሰጠኋት።

አሁን ዕለት ዕለት የጻፈችበትን ደብተር እፈልገዋለሁ። ዋናውን እንጂ ቅጂውን አይደለም። ከሥሩም የተረፈ ካለ በደረቅ ወረቀት ጠቅልለህ ጨምርበት። እንዳይዘገይ።

የአባትህ የአክስት ልጅ


ኅዳር 27

ለአባቴ የአክስት ልጅ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው አስተምረውናልና ሰላምታዬ ይድረስዎ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ፤ እህቴም ያልኖረችው ብዙ ተርፏታልና ከእሷ ላይ ይጨምርልዎ።

በደብዳቤዎ ለእህቴ አንድ አንቀጽ ሰጥተዋታል፤ ለደብተሯ ሁለት። ለእናቴ አላነበብኩላትም። «ምን አለ?» ስትለኝ «አዝኗል» አልኳት። ስለ እርስዎ የዋሸሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ለመጨረሻም ይሁን።

«መልስ ሰጠኋት» ብለው ያለፉትን መልስ እኔ አውቀዋለሁ። ሆስፒታሉ ልብሷን በፌስታል ሲያስረክበን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነበር። አሁን ከፊቴ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት የለም። ሥርሽ ቀለም ያለው ውሃ ነው። ተይው።» ከዚያ ፊርማዎ። ዘጠና ቀን የበግ ሽንት ስትከተል ለኖረች ልጅ ይህን ጻፉላት፤ እሷም ይህን ኪሷ ውስጥ ይዛ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣች። መንገዱን ትመልከት ደብዳቤዎን ታስብ እግዜር ይወቅ።

ቀለም ያለው ውሃ ከሆነ ደብተሩን ምን ያደርጉለታል? ወይስ የሞተ ሰው ሥራ ለመውሰድ ይቀላል? ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤ እኔው ጋ ይቆያል። ሥሩም ከአጥራችን አይወጣም።

ስልክ እንዳይደውሉ። የምታነሳው እማዬ ናት፤ ድምፅዎ ደግሞ የአባቴን ይመስላል ይላሉ። ይጻፉ። ወረቀት ቢያንስ ይቀደዳል።

የእሷ ወንድም


ታኅሣሥ 20

ለተቆጣው ዘመዴ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የሚቆጣ ሰው በሕይወት አለና እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህን ያበርታልኝ።

ሌባ ስትለኝ ሁለተኛው ሰው ነህ። የመጀመሪያው አባትህ ነበር፤ ምክንያቱን እሱ ይዞት ሄዷል፣ እኔም አልቆፍረውም። ስለዚህ ስድብህ አልጎዳኝም፤ ሠፈሩን ያውቀዋል። አስተማሪህ ግን የእጅ ጽሑፍህን ያርምልህ።

አሁን ቁጣህን አስቀምጥና አንብብ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከብትና የበግ ሽንት ያየሁ ሰው ነኝ። ስድስት ሙክት ዘጠና ቀን ፉርሽካ በልተው ተራ ውሃ ብቻ ከጠጡ፣ ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ጠጠር መጀመራቸው አይቀርም። እህትህ የላከችልኝ የአሥራ ሁለቱም ሽንት ንጹሕ ነበር። ሁለቱ ወገን እኩል ስለሆኑብኝ ሥሩ አይሠራም ብዬ ጻፍኩ። በምን እኩል እንደሆኑ ግን አላሰብኩም። የተከላከልንለትም ያልተከላከልንለትም በጤና ነው እኩል የሆኑት። መድኃኒት ያላገኙት ለምን አልታመሙም?

ይህ ጥያቄ የመጣልኝ ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ ደብተሩን የጠየቅሁህ ልሰርቀው አይደለም። ዋናውን ካልሰጠኸኝ ይቅር፤ የመኖና የውሃ ገጾቹን ገልብጠህ ላክ። አንድ ነገርም ንገረኝ፦ የተራ ውሃውን ገንዳ የሚሞላው ማን ነበር? ውሃውስ ከየት ይቀዳ ነበር?

ላልመጣ እንግዳ ደጅ እንደሚጠብቅ ሰው አታስቀምጠኝ። ቶሎ መልስ።

የአባትህ የአክስት ልጅ


ጥር 12

ለተከበሩት የሽንት ሊቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እንዳለን አለን። እግዚአብሔር ዓይንዎን ይጠብቅልዎ፤ ሰው ከሞተ በኋላ አጥርቶ የሚያይ ዓይን ነውና ብርቅ ነው።

ሦስት ገጽ ገልብጬ ልኬአለሁ። የላክሁት ስለፈራሁዎት አይደለም፤ እህቴ እንዴት እንደሠራች አይተው እንዲያፍሩ ነው። በየቀኑ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥታ ነው የምትጽፈው። ሥሩ እኛ «ልብስ ያዥ» የምንለው ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ ባለፉበት ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ሥሩ ሲቆፈር ቀይ ነው፣ ጣትን ለሳምንት ያቀላል። ቀጥቅጣ፣ መዝና፣ በትልቁ ድስት ትቀቅለዋለች። በቀኙ ገንዳ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያላቸው፣ በግራው ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት። ጆሯቸው ላይ ቁጥራቸው አለ። መካከላቸው ላይ የቆርቆሮ አጥር አቁማለች።

በየሳምንቱ ሽንት ትቀበል ነበር። የበግ አፍና አፍንጫ ትንሽ ከታፈነ በድንጋጤ ይሸናል፤ እሷ ታፍናለች እኔ ብርጭቆ እይዛለሁ። አንድ ቀን ዘጠኝ ቁጥር ጫማዬ ላይ ሲለቅብኝ «ለፈተናህም እንዲህ አፍንጫህን ብይዝህ ዕውቀቱ ይወጣ ይሆን?» አለችኝ። ዘጠኝ ቁጥር «ሹሙ» ነበር የምንለው፤ ሲራመድ ሪባን ሊቆርጥ የተጠራ ባለሥልጣን ይመስላል። ይህን ደብተሩ ላይ አያገኙትም።

ውሃው የቧንቧ ውሃ ነው። የሚቀዳው ከግቢያችን ነው። ማን እንደሚሞላው መጠየቅዎ ግን ምን ማለት ነው? እኛ ቤት መርዝ የሚጨምር ሰው አለ? እሷ የምትሞላበት ቀን አለ፣ እኔ የምሞላበት ቀን አለ፣ ድስቱን የማጥበውም እኔ ነኝ፤ ከዚያ በሩጫ ወደ ትምህርት ቤት። ስህተት ከፈለጉ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። እህቴ አልተሳሳተችም።

የእሷ ወንድም


የካቲት 2

ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ገጾቹ ደርሰውኛል። እህትህ በእርግጥም አልተሳሳተችም፤ ብዙ ተማሪ አሠልጥኛለሁ፣ እንዲህ የሚጽፍ አላገኘሁም። ይህን ለእሷ መጻፍ ነበረብኝ።

አጭር ነኝ። ጣት የሚያቀላ ሥር በማደግ ላይ ያለ እንስሳ ለረጅም ጊዜ ከጠጣው አጥንቱንም ያቀላዋል። ይህን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንተ ስለ ጣት እስክትጽፍልኝ ድረስ ግን ረስቼው ነበር። ሙክቶቹ ለሥጋ ሻጭ ተሽጠዋል አይደል? ሥጋ ሻጭ ደግሞ አጥንት ያያል። ሂድና ጠይቀው፦ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር የነበሩት አጥንታቸው ነጭ ነበር ወይስ ቀይ?

ነጭ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ። ቀይ ከሆነ የግራው ገንዳ ውስጥ ሥሩ ገብቷል ማለት ነው፣ የእህትህም መድኃኒት ምናልባት አሥራ ሁለቱንም ጠብቋል።

ደግሞ ድስቱን የምታጥበው አንተ ከሆንክ፣ ዝቃጩን የት ነበር የምትደፋው?

የአባትህ የአክስት ልጅ


የካቲት 21

ለአባቴ የአክስት ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ሥጋ ሻጩን አላገኘሁትም። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። በዚህ ላይ ፈተና ደርሶብኛል፤ እርስዎ ጊዜ ስላለዎት ስለ አጥንት ያስባሉ፣ እኔ ግን ኬሚስትሪ አለብኝ።

ዝቃጭ ዝቃጭ ነው። የትም ይደፋል።

እባክዎ ከዚህ በኋላ አይጻፉ። ያለፈ ነገር ነው። እህቴን እንዳትነሣ አድርገን ቀብረናታል፤ እርስዎ ደግሞ በሷ ፋንታ በጎቿን ከመቃብር ያወጣሉ።

የእሷ ወንድም


መጋቢት 6

ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

ሰላም ይብዛልህ፤ ፈተናውንም እግዚአብሔር ያቅልልህ።

የሰው ሆድ ካልተዘጋ ሥጋ ቤት አይዘጋም። ስትዋሽ አባትህን ትመስላለህ፤ እሱም ሲዋሽ ዓረፍተ ነገሩ ያጥር ነበር።

አንተን ልመረምር ከተነሣሁ ራሴንም ልመርምር። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ቆሜ ነው። አንዱን የናሙና ሳጥን ዘግቼ ሌላውን ሳልከፍት፣ በሁለቱ መካከል። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ገና ሥራ የጀመረ ሰው እንኳ የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኋትም፤ ዘመዴ ስለነበረችና በእጅ የተመዘነ ሥር ስለነበር ናቅሁት። ሳትሞት ጠይቄያት ቢሆን እሷ ራሷ በአንድ ቀን ትደርስበት ነበር። አሁን ለእሷ የነበረብኝን ጥያቄ አንተን እየጠየቅሁ ነው። ሌላ የቀረኝ ሰው የለም።

ከአፍህ ካልወጣ ሥራዋ ቀለም ያለው ውሃ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ሆኖ እንዲቀር የምታደርገው ግን አንተ ትሆናለህ።

የአባትህ የአክስት ልጅ


መጋቢት 28

ለጋሼ፣

ሰላምታው ይቅርብኝ። ዛሬ የሚሆን ቃል አላገኘሁለትም።

ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ አያውቅም። ባለቤቱን «ቢላው» እንለዋለን፤ ከትምህርት ቤቴ በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የእርስዎ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ በዚያ ማለፍ ትቼ በጀርባው መንገድ ነበር የምዞረው። ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ስለ አጥንት ስጠይቀው ሳቀ። «እናንተ ቤት በጎቹን ወይን ነው የምታጠጡት?» አለኝ። ደንበኞቹ በሽታ ነው ብለው አጥንቱን መልሰውበት እንደነበር፣ እሱም ጤና ነው እያለ ሲምል እንደከረመ ነገረኝ። የታረዱትን በጎች የጆሮ ቁጥር ከሚስማር ላይ ይሰቅላቸዋል፤ አወረደልኝ። አሥራ ሁለቱም ነበሩ።

«ሁሉም ቀይ ነበሩ?» አልኩት።

«ሁሉም። ግን ስድስቱ እንደ ደረቀ ደም፣ ስድስቱ እንደ ታጠበ ጨርቅ» አለኝ። ከዚያ ሥጋ የሚቆርጥበትን ቢላ አሳየኝ። እጀታውን ከአንዱ ቅልጥም ቀርጾ ሠርቶታል፤ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፣ ያምራል። የማን ነው ስለው «ያ የሚንቀባረረው፣ ዘጠኝ ቁጥር» አለኝ። ቢላውን መለስኩለትና ወጣሁ።

ጠይቀውኛልና ልንገርዎ። እህቴን እታለም ነው የምላት፤ ዝቃጩን «ከአጥሩ ጀርባ ድፋው» ብላኝ ነበር። እሺ ብያት ነበር። እኛ ቤት ግን የተቀቀለ ነገር አንድ ጊዜ ተቀቅሎ አይደፋም። እማዬ ሁሉን ነገር ሁለቴ ነው የምታፈላው፤ ሁለተኛው ውሃ የልጅ ነው፣ የእንግዳ ነው፣ የጎረቤት ነው ትላለች፤ የሚጣል የለም። እታለም ናሙናዋን ለመጻፍ ስትገባ እኔ በዝቃጩ ላይ ውሃ እጨምርና አንድ ጊዜ አንተክትኬ በግራው ገንዳ እደፋው ነበር። በየቀኑ።

ለቁጠባ ብቻ ብዬ አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንድ ሙክት ጠጠር ተሰክቶበት ሦስት ቀን ሲያቃስት ነበር። ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፣ ያምጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ጥርሱን ያፋጫል። በሦስተኛው ቀን ፊኛው ፈነዳ። የማድረው ከበረቱ ግድግዳ ጋር በተያያዘው ክፍል ስለሆነ ሁሉን ሰምቻለሁ። እታለም ሥሩን መፈተን የጀመረችው በዚያ በግ ምክንያት ነው። እኔ ደግሞ ስድስቱ ሲከላከልላቸው ስድስቱ ይታመሙ ተብለው መቆማቸውን አልቻልኩም። ሹሙ ከሚታመሙት ወገን ነበር። ሁለተኛው ውሃ ቀጭን ነው፣ አይጎዳም፣ ሚዛኑንም አያፋልስም ብዬ አሰብኩ። ሰነፍ አልነበርኩም፤ ክፉም አልነበርኩም። ማንንም ሳልጠይቅ አዘንኩ እንጂ።

አሁን የቀረውን። የእርስዎ ደብዳቤ የመጣ ዕለት እታለም ራት ላይ ጮክ ብላ አነበበችልን። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው» አለችና ሳቀች። ሳቋ የእውነት አልነበረም። እማዬ «አይዞሽ፣ ጤና ነው የጎደለሽ?» አለቻት። እኔ ማንኪያዬን ይዤ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ሁለቱ ወገን እኩል የሆኑት በእኔ እንደሆነ፣ ማንኪያው አፌ ሳይደርስ ገባኝ። ልነግራት ነበር። ትቆጣለች ብዬ፣ ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልንገራት አልኩ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ ሰው ቆሞ ነበር።

እርስዎን የጠላሁት ለዚህ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ የእኔ ዝምታ ግን የትም አልተገኘም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። እርስዎም እንዳይነግሩ። እኔው እነግራታለሁ።

የእሷ ወንድም


ሚያዝያ 14

ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

እግዚአብሔር ይህን ለመጻፍ የሰጠህን ጉልበት አይንሣህ።

ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከእኔ አትጠብቅ፤ የምልህ ሰው እኔ አይደለሁም። አልፈርድብህምም፤ ለዚያም ፊት የለኝም። አንተ አንድ ቀን ዝም አልክ፤ እኔ አንድ ጥያቄ ነፈግኋት። በእኔና በአንተ መካከል እህትህ ያለ መልስ ሄደች። ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር እርስ በርስ አንወቃቀስ፤ ጥቅም የለውም፣ ያስጠላልም።

ወደ ሥራው። ያንተ ሁለተኛ ውሃ አንድ ነገር ይጠቁማል፦ ቀጭኑም ሳይከላከል አልቀረም። ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። ምናልባት በዚያ ዓመት አንድም በግ አይታመም ነበር። ምናልባት ውሃው ነው። ሥሩን ፈጽሞ ያልቀመሱ ስድስት በጎች ሳይኖሩ እንኳን እኔ ማንም አያምናትም። ስለዚህ እናትህ ብትፈቅድ በሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ሙክቶች እንደገና ይሠራ። ሠሪው አንተ ነህ። እሷ እንደጻፈችው፣ ደብተሯ ላይ ካለው አንዲት ነገር ሳትለውጥ።

ከግራው ወገን አንዱ ቢታመም በዚያው ሰዓት ከበረት አውጣው፣ ሐኪም ጥራ፣ የሚደረግለት ሁሉ ይደረግለት። እንስሳ ማሠቃየት ሥራ አይደለም። የቀሩት አምስቱ ግን ውሃቸውን ይጠጡ። የሚከብድህ ይህ ነው፤ እንደሚከብድህ አውቄ ነው የማዝዝህ።

ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም እጽፈዋለሁ። የእሷ ስም ይቀድማል። የመጀመሪያው ፈተና እንዴት እንደተበላሸም ይጻፋል፤ ያን ክፍል የምትጽፈው አንተ ነህ። የእኔ ስም የናሙና መርማሪዎች ከሚመሰገኑበት ከግርጌው ይግባ። የሞተ ሰው ሥራ መውሰድ አይቀልም፤ ሞክሬው ባላውቅም እንደማይቀል አሁን ገብቶኛል።

የአባትህ የአክስት ልጅ


ነሐሴ 6

ለጋሼ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ይህን ያህል ስለዘገየሁ ዘጠናው ቀን ይጠየቅ።

ለእማዬ የነገርኳት በጎቹ በገቡበት ቀን ነው። ልብስ ታጥፍ ነበር። ሁሉን እስክጨርስ ማጠፏን አላቆመችም፤ ከዚያ የእታለምን ጃኬት አንሥታ ኪሱን ዳበሰችና መልሳ አስቀመጠችው። «ሁለተኛውን ውሃ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለች። ለሦስት ቀን ከእኔ ጋር የተነጋገረችው በምልክት ነበር። በአራተኛው ቀን «ፉርሽካው አልቋል» አለችኝ፤ እንደታረቅን በዚያ አወቅሁ።

ደብተሯን ከፊቴ ዘርግቼ ነው የሠራሁት። የእኔን ቁጥር ከእሷ ቁጥር ሥር በቀይ ቀለም ጽፌአለሁ፤ ማን የቱን እንደጻፈ እንዲለይ። ሽንት ስቀበል ብርጭቆ የሚይዝልኝ ስላልነበረ እማዬ ያዘች። ዕድሜ ልኬን ያልሰማሁትን ስድብ ከአፏ ሰማሁ፤ ሁሉም ለበጎቹ ነበር፣ ጥቂቱ ለእርስዎ።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ከግራው ወገን ሰባትና አሥራ አንድ ቁጥር ሽንታቸው በሚወጣበት ፀጉር ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር አገኘሁ። አውጥቼ መኖአቸውን ለወጥኩ፤ ድነዋል። በሰባ አንደኛው ቀን ስምንት ቁጥር ጀርባውን አጉብጦ ቆመ። ቆሞ ያምጣል። ጥርሱን ሲያፋጭ ባለፈው ዓመት የነበርኩበት ግድግዳ ሥር ያለሁ መሰለኝ። በዚያው ሰዓት አወጣሁት፣ ሐኪሙም መጣ፤ ሁለት ሰዓት ታገለው፣ አልሆነም። ቢላው ተጠርቶ አረደው።

ሐኪሙ ገና ሲታገል እማዬ ድስቱን ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። ዝቃጩን አፍልታዋለች። በግራው በረት ወደቀሩት ሦስቱ ስትሄድ መንገዷ ላይ ቆምኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነፍስ አይደለም?»

«ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ዘወር በል።»

«እታለም ከአጥሩ ጀርባ ድፋው ብላኛለች።»

ድስቱን ዝቅ ስታደርገው ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ፤ ለብ ብሎ ነበርና አልተቃጠለችም። ከዚያ ሰጠችኝ።

ከቀኙ ወገን እስከ ዘጠናው ቀን የታመመ የለም። ከግራው ስድስት ሦስቱ። ደብተሩን፣ ዋናውን፣ በአደራ ልኬልዎታለሁ። ካነበቡ በኋላ ይመልሱልኝ፤ የእሷ እጅ ጽሑፍ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፈተና እንዴት እንደተበላሸ የሚናገረውን ክፍልም ጽፌ ከኋላው አያይዤዋለሁ። አስተማሪዬ አርሞታል፤ የእጅ ጽሑፌን እርስዎ ያርሙ።

በትንሿ ፖስታ ውስጥ ያለው ከስምንት ቁጥር የወጣው ጠጠር ነው። የምስር ፍሬ አይሞላም። ከጎኑ ያለችው የቅልጥሙ ቁራጭ ናት። ቢላው ሲሰጠኝ «ይኼኛው ደግሞ ምን ነካው?» አለኝ፤ ያለፉትን ለምዶ ነጩ እንግዳ ሆኖበት። አዎ ጋሼ፣ ነጭ ነው።

አሁንም እንደማልወድዎ ይወቁልኝ። ደብዳቤዎን ግን መልሼ ከከተትኩበት ከጃኬቱ ኪስ አውጥቼዋለሁ። ደብተሩ ውስጥ ነው፣ የዘጠናኛው ቀን ገጽ ላይ፤ ጥያቄ የሌለው ደብዳቤ ምን እንደሚመስል እንዲያዩት።

ሁለተኛውን ውሃ ዘጠናውንም ቀን ከአጥሩ ጀርባ ደፍቼዋለሁ።

የእሷ ወንድም